የእድሩ ድንኳን ከተሳቢው ጭራ ላይ ስለተጫነበት ሁኔታ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ በዛወርቅ ተሰማ
ዕድሜ፦ 54
የትውልድ ቦታ፦ ጎሬ
አድራሻ፦ ቦንጋ ከተማ፣ ከገበያው በላይ
ሥራ፦ የማርና የእህል ነጋዴ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባል የሞተባት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ሰኔ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00
ቃል ተቀባይ፦ ም/ሳጅን ኃይለሚካኤል ወንድሙ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ማክሰኞ ሰኔ 9 ቀን ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የእድራችን ተሳቢ ተገልብጦ ሰው ስለተጎዳበት አደጋ የማውቀውን ለመናገር ቀርቤያለሁ። መጥሪያ አልደረሰኝም፤ በራሴ እግር ነው የመጣሁት። የመጣሁበትም ምክንያት ሾፌሬ ዮሴፍ ኮጪቶ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚህ ታስሮ ስለሚገኝና፣ የታሰረበትን ነገር አስተካክሎ የሚናገር ሰው እስካሁን ስላላየሁ ነው።

በቦንጋ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ። የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ሲሆን እሱ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቼም ሥራቸው ሌላ ከተማ ነው። አንዲት ነጠላ ጋቢና ያላት ነጭ ቶዮታ ፒክአፕ አለችኝ፤ እሷን ለዓመታት የነዳልኝ ዮሴፍ ነው። ጠጪ አይደለም። ፈጣንም አይደለም፤ እንዲያውም በዝግታው ስንት ጊዜ ተጣልተናል። አንድ ጉድለት አለው፤ አፍ እያለው አይናገርም። አንድ ነገር ካልተዋጠለት «ደግ አይመስለኝም እትዬ» ይልና ዝም ይላል። ምኑ ነው ደግ ያልመሰለህ ቢሉት ጎማውን ያያል። ጉድለቱን የተናገርኩት፣ ሰውየውን መልአክ አድርጌ ላቀርብ አለመምጣቴ እንዲታወቅልኝ ነው።

አባል የሆንኩበት እድር ሊቀመንበር አቶ ሀብተሥላሴ ወልዴ ይባላሉ፤ ጡረተኛ ናቸው። እድራችን ቀደም ሲል ከከተማ ውጭ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን የሚጭነው አይሱዙ ተከራይቶ ነበር። በኋላ ግን አቶ ሀብተሥላሴ ኪራይ ይብቃን ብለው፣ ከአሮጌ ላንድሮቨር አክስልና ከላሜራ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ብየዳ ቤት አሠሩ። መሠራቱ ባልከፋ። የሚጎትተው መኪና የማን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ መኪናዬ ኋላዋ ላይ መንጠቆ ተበይዶባት አገኘኋት። አቶ ሀብተሥላሴን ብጠይቃቸው «በዙ፣ የእድር ሰው አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው። ነዳጁ የኔ፣ ሾፌሩ የኔ፣ ምስጋናው የተሳቢው። ይህ ከአደጋው ጋር አይገናኝም ተብሎ በቃል ተቀባዩ ተነግሮኛል። ይገናኛል፤ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ጭነቱ እንዴት እንደተጫነ ተጠይቄ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። በእድራችን በደንቡ ያልተጻፈ፣ ከተጻፈው ግን የከበደ አንድ ሥርዓት አለ። ለቅሶ ቤት ሲደረስ ከሁሉ በፊት ድንኳን ይወርዳል። ድንኳኑ ሳይቆም ወንበር አይወርድም፤ ወንበሩ ሳይደረደር ድስት አይወርድም። ሐዘንተኛ ዝናብ ላይ ቆሞ ድስት ያወረደ እድር፣ ሊበላ የመጣ እድር ይባላል፤ ይህ ስም ከወጣለት ደግሞ አይለቀውም። ሥርዓቱ ክፉ አይደለም፤ በእኛ አገር ዝናብ ድንኳንን የሚቀድም ነገር የለም። ታዲያ ቀድሞ የሚወርደው ዕቃ መጨረሻ ይጫናል። ድስቶቹ ፊት፣ ወንበሮቹ መሐል፣ ድንኳኑና የድንኳኑ ብረቶች ኋላ፤ የብረቶቹም ጫፍ ከተሳቢው አልፎ ይወጣል። በአይሱዙ ጊዜ ይህ ምንም ችግር አልነበረበትም። አይሱዙ ሆደ ሰፊ ነው፤ የትም ቢጭኑበት ይችለዋል። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ግን እንደ ሚዛን ነው። ኋላው ሲከብድ ፊቱ ይነሳል፤ ፊቱ የታሰረው ከኔ መኪና ጋር ስለሆነ ሲነሳ የመኪናዬን ኋላ ይዞ ይነሳል። የእድራችን ድንኳን ደግሞ ወፍራም ሸራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣማ በሬ ነው።

ነጋዴ ሆነሽ ሳለ ይህን ከየት አወቅሽ ተብዬ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ባለፈው ኅዳር እድሩን አስፈቅጄ በዚሁ ተሳቢ ማር በበርሜል ወደ ሚዛን ከተማ ወስጃለሁ። ዮሴፍ በርሜሎቹን ለማውረድ እንዲመቹት ብሎ ወደ ኋላ ደርድሯቸው ነበር። ከቦንጋ ወጣ እንዳልን ተሳቢው ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ዮሴፍ ደንግጦ አቆመ፤ ወረደ፤ ዞረው፤ እኔ እየጮኽኩበት አብዛኞቹን በርሜሎች ከጎማው ወደ ፊት አምጥቶ እንደገና አሰራቸው። የጮኽኩት ገዢ ስለሚጠብቀኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛን እስክንደርስ ተሳቢ መጎተታችንን ረስቼው ነበር። ማሩ ከድንኳኑ ይከብድ ነበር። መንገዱ፣ ቁልቁለቱ፣ መኪናው፣ ሾፌሩም ያው ናቸው። የተለየው ጭነቱ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። የእድራችን አባል የሆነው የመምህር ተድላ እናት፣ ዋጫ ሳይደረስ ባለ ገጠር ማረፋቸው ተነገረ። ቀብሩ በዚያው ቀን መሆኑን ስለሰማን ሁሉም ተጣደፈ። ከጠዋቱ 2፡30 ገደማ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጅ ስደርስ ተሳቢው ተጭኖ አልቆ ነበር። የተሸከሙት የእድሩ ጎረምሶች ናቸው፤ ያዘዙት ግን አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው። በከዘራቸው እየጠቆሙ «ድንኳን ኋላ፣ ድንኳን ኋላ!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዮሴፍ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ሊያያይዝ የፊቱን ብረት ያዝ ሲያደርገው፣ ብረቱ በራሱ ብድግ አለ። በደረቱ ወደ ታች ተጭኖ ነው መንጠቆው ላይ ያስገባው። ከዚያም ለአቶ ሀብተሥላሴ «ጋሼ፣ ይኼ ብረት መክበድ ነበረበት። እኔን ወደ ላይ እያነሳኝ ነው። ድንኳኑ ወደ ፊት ይምጣ» አላቸው። ዮሴፍን ለሚያውቅ ሰው ይህ ረጅም ስብከት ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ሳቁና «ከቀለለህ ምን ያስለቅስሃል?» አሉት። የቆመው ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ እኔም መልሱ ልክ መስሎኝ ነበር፤ የቀለለ ነገር አደጋ ነው ብሎ ማን ያስባል? የማሩ ነገር ትዝ ሲለኝ ግን «ጋሽ ሀብቴ፣ ልጁን ስሙት፤ ማር የጫንን ጊዜም እንዲህ ሆኖብን ነበር» አልኳቸው። «ማርና ድንኳን አንድ ነው እንዴ? ለማር ማን ያለቅሳል? በዋጫ ሰው ፊት ድስት ስናወርድ እንታይልሽ?» አሉኝ። ድንኳኑ ከፒክአፑ ላይ ይጫን ብል፣ እዚያ ለቅሶ የሚሄዱት ሴቶች ተቀምጠዋል ተባልኩ። ሴቶቹ ወንበሩ ላይ ይሁኑ ብል፣ ሴት ተሳቢ ላይ አይወጣም ተባልኩ። ለሁሉም መልስ ነበራቸው።

ሌላም አለ። ያ ተሳቢ ከመንጠቆው ቢላቀቅ የሚይዘው ሰንሰለት ተሠርቶለት ነበር። ሰንሰለቱ የት እንደደረሰ ተጠይቄ፣ የዕቃ ቤቱን በር ለመቆለፍ ተወስዶ ዛሬም በሩ ላይ እንደሚገኝ አረጋግጣለሁ፤ ፖሊስ ሄዶ ማየት ይችላል። በምትኩ የታሰረው ሽቦ ነው። ዕቃ ቤት የቀሩት ሁለት ድስቶች እንዳይሰረቁ ሰንሰለት፣ ሰው እንዳይሞት ሽቦ! ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የጭነቱ ገመድ አጥሮ ስለነበር፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ግዛቸው «እኔ ላዩ ላይ ሆኜ እይዘዋለሁ» ብለው ድንኳኑ ላይ ወጡ። ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ውረዱ ብዬ ለመንኳቸው። «ጥሩምባ ነፊ ከድንኳኑ አይለይም» አሉ። ይህም ሥርዓት ነው መሰለኝ። በእኛ እድር በደህና ሄዶ በደህና ከመመለስ በቀር ሥርዓት ያልሆነ ነገር የለም። እሳቸው ሲጨመሩበት ያ የከበደው ጭራ ደግሞ ከበደ።

ከዚያ ተነሳን። ጋቢና ውስጥ የነበርነው ዮሴፍ፣ አቶ ሀብተሥላሴና እኔ ነን። እኔ መሐል ስለሆንኩ ማርሹ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኝ ነበር። ከከተማው እንደወጣን የመኪናው የኋላ ጎማዎች ጭቃው ላይ ይንሸራተቱ ጀመር፤ በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ቀጥሎ ተሳቢው መወዛወዝ ጀመረ። ዮሴፍ ዳር ይዞ አቆመና «እትዬ፣ ይወዛወዛል። ድንኳኑን ወደ ፊት ላምጣው» አለ። የተናገረው ለኔ ቢሆንም ለአቶ ሀብተሥላሴ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን። እሳቸው ሰዓታቸውን አይተው «አሁን አውርደን እስክንጭን የገጠሩ እድር ሸራውን ወጥሮ ይጨርሳል። እኛ ለምን እንሄዳለን ታዲያ? ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። እሺ፣ ቀስ ብሎ ነዳ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «ምነው፣ በእግራችን ብንሄድ አይሻለንም?» አሉት። ቀስ በል ብሎ ቶሎ በል የሚል ሰው አጠገብ ተቀምጦ መንዳት ምን ያህል እንደሚያደክም፣ መሪ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ፍጥነቱ ተጠይቄ፣ ቆጣሪውን አለማየቴን፣ ነገር ግን ዳገቱ ላይ ሰው የሞላ ባጃጅ ቀድሞን ማለፉን መስክሬያለሁ። ሾፌሩ መጠጥ ወስዶ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ከቤቴ ሻይ ጠጥቶ መውጣቱን፣ እሱንም ሳይጨርሰው መጠራቱን ተናግሬያለሁ።

ወፍጮ ቤቱን አልፈን ካለው ቁልቁለት ስንደርስ ዮሴፍ ማርሽ አሳነሰ። ቁልቁለቱ እንደተጀመረ ተሳቢው ወደ ግራ ተወረወረ፤ ተመልሶ ወደ ቀኝ ተወረወረ። በተመላለሰ ቁጥር ይብስ ነበር። የመኪናችንን ኋላ ይዞት ይሄድ ጀመር፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ማርያምን ይጠራሉ። አቶ ሀብተሥላሴ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ እንጂ!» እያሉ ጮኹ። ዮሴፍ ፍሬኑን አልረገጠም። እግሩን ከነዳጁ አነሳ፣ መሪውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። መኪናው እየቀዘቀዘ መጣ። ልንተርፍ ነው ስል ከኋላችን የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናው አንዴ ዘለለና ቀለለ። ተሳቢው ከመንጠቆው ወጥቶ፣ ሽቦውን በጥሶ፣ ብቻውን ቦዩን ተሻግሮ የሰው ጓሮ ውስጥ ተገለበጠ።

ፍሬኑን ለምን እንዳልረገጠ ከዚያ በኋላ ጠይቄው ነበር። «ከያዝኩት ተሳቢው ይገፋናል እትዬ። ያዞረንና ገደል ነው» አለኝ። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ዛሬ ቤታቸው ያሉት ፍሬኑ ስላልተያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ቃል በተለይ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ወርደን ስንሮጥ ጋሽ ግዛቸው እንሰት ሥር ወድቀው አገኘናቸው። እንሰቱ ተሰብሮ እሳቸውን አትርፏል፤ ጭናቸው ግን ተሰብሯል። በሕይወት መኖራቸውን ያወቅነው ሲሳደቡ ሰምተን ነው። ማንን እንደተሳደቡ ተጠይቄ፣ ማንንም እንዳላስቀሩ ተናግሬያለሁ።

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ሰው እግሩ ተሰብሮ ጭቃ ላይ ተኝቶ፣ አብሮን ከተጓዘው ሰው ግማሹ «ሆስፒታል!» ሲል ግማሹ «ድንኳኑ በፒክአፑ ቶሎ ይድረስና መኪናው ወዲያው ይመለሳል» ይላል። ይህን ያሉት ክፉ ሰዎች ቢሆኑ አይደንቀኝም ነበር። ለጎረቤት እንቅልፍ የሚያጡ፣ ሰው ሲታመም ከአጠገቡ የማይለዩ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን ድንኳን ይቅደም ተብሎ ዕድሜ ልካቸውን ሲነገራቸው ስለኖሩ፣ ከድንኳን የሚቀድም ነገር ሲመጣባቸው ግራ ገባቸው። አቶ ሀብተሥላሴ ከዘራቸውን ጨብጠው መሐላቸው ቆሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ በቁጣ ተናግሬያቸዋለሁ።

ያን ጊዜ የተናገረው ያ የማይናገረው ዮሴፍ ነው። «መኪናው ቦንጋ ነው የሚሄደው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ከተበተነው ዕቃ አንዱን አግዳሚ ወንበር አነሳ፤ የጓሮው ባለቤት ከወንድሙ ጋር መጥቶ፣ የተሰበረበትን እንሰት እንኳን ሳያይ አገዘን፤ ጋሽ ግዛቸውን ወንበሩ ላይ አጋድመን በነጠላ አሰርናቸው። ሴቶቹ ወርደው እሳቸው ፒክአፑ ላይ ተጫኑ። ዮሴፍ ሆስፒታል አደረሳቸውና ከዚያው በቀጥታ እዚህ መጥቶ «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ልሂድ ቢል ያን ጊዜ የሚይዘው አልነበረም።

መምህር ተድላ እናቱን ያለ እኛ ድንኳን ቀበረ። የገጠሩ እድር የላስቲክ ሸራ ወጥሮ ስለነበር ሰው ሁሉ እሱ ሥር ተጠለለ፤ ከእኛም በእግራቸው የደረሱት ተጠልለዋል። ድንኳናችን አልደረሰም ብሎ የሰደበን ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ጋሽ ግዛቸው እንዴት ናቸው ብሎ የጠየቀን ግን ብዙ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ተጠራሁ። ስሄድ ስለ ጋሽ ግዛቸው መታከሚያ የምንመክር መስሎኝ ነበር። የተመከረው ግን ፖሊስ ሲጠይቅ ሁላችንም አንድ ቃል እንድንሰጥ፣ ቃሉም «ፍሬኑ እንቢ አለ» የሚል እንዲሆን ነው። አንዱ «ፍሬን የእግዜር ነው፣ ማንም አይከሰስበትም» ሲል ሰማሁት። ፍሬን የእግዜር መሆኑን ያን ቀን ገና ሰማሁ። ፍሬኑ የተበላሸ መኪና ነድቶ ሰው የጎዳ ተብሎ የሚጠየቀው ዮሴፍ አይደለም ወይ ብላቸው፣ «ዮሴፍ የእድር አባል አይደለም» ተባልኩ። ስለዚህ እሱ ይሸከመዋል ማለት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሽማግሌ ልከን እናስታርቃለን፣ ቢታሰርም ቶሎ ይፈታል አሉኝ። ማን ከማን ጋር እንደሚታረቅ አልነገሩኝም፤ ዮሴፍ የተጣላው ሰው የለም።

እምቢ ስል «ከእድር ቃል የወጣ ሰው ቀባሪውን ይፈልግ» ተባለ። ይህን ማን እንደተናገረ ተጠይቄ፣ ከአንድ ሰው በላይ መናገሩን፣ አቶ ሀብተሥላሴ አለመናገራቸውን፣ ሆኖም አለመከልከላቸውን መስክሬያለሁ።

ማስፈራሪያው አስፈርቶኝ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አዎን፣ ፈርቻለሁ። አሁንም እፈራለሁ። በዚህ አገር የሥጋ ዘመድ የለኝም። ባለቤቴን የገነዘው፣ መቃብሩን የቆፈረው፣ እኔን ደግፎ የመለሰኝ ይህ እድር ነው። ሌላ ሰው ከሞትኩ በኋላ ምን አገባኝ ሊል ይችላል። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ስቀብር ኖሬ፣ ቀባሪ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። «ፍሬን» አንዲት ቃል ናት። ብናገራት እንደ ወትሮዬ እኖራለሁ፤ ሰላምታም አይጎድልብኝ፣ ቀባሪም አይጎድልብኝ። ነገር ግን ዮሴፍ ከመንዳት ሌላ እንጀራ የለውም። ተፈርዶበት መንጃ ፈቃዱን ቢነጠቅ ሚስቱና ልጆቹ በምን ይኖራሉ? ሚስቱ ትናንት ሱቄ መጥታ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ቆመች። ምንም አልጠየቀችኝም። ቆማ ቆማ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሬኑ በርግጥ ሠርቶ እንደሆነ በድጋሚ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። አደጋው ከደረሰ በኋላ ያው መኪና በዚያው ፍሬን፣ የተሰበረ ሰው ጭኖ፣ በዚያ ጭቃ ቦንጋ ገብቷል። ፍሬኑ እንቢ ያለ መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ማን አቆመው? ሆስፒታሉን አፍርሶ ባለፈ ነበር። መኪናዋ እዚሁ ግቢ ቆማለች፤ የሚጠራጠር ይንዳት።

ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ ታምኛለሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ መፍረድ የዳኛ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ ብያለሁ። የማውቀው ይህ ነው። ተሳቢው የተገለበጠው ኋላው ከብዶ ነው። ኋላው የከበደው ድንኳኑ እዚያ ስለተጫነ ነው። ድንኳኑ እዚያ የተጫነው አቶ ሀብተሥላሴ ስላዘዙ ነው። ዮሴፍ አንዴ ዕቃ ቤቱ ደጅ፣ አንዴ መንገድ ላይ ይቀየር ብሏል። አልሄድም ብሎ ቁልፉን ሊወረውር ይችል ነበር፤ ባለመወርወሩ እኔም ተናድጄበታለሁ። ግን የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ከዘራ ይዞ ቆሞ፣ ሰው ሞቶ፣ ዝናብ እየዘነበ ቁልፍ የሚወረውር ሾፌር በዚህ ከተማ ካለ አምጡና አሳዩኝ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ቁጣዬን አልጨመርኩበትም ማለት አልችልም፤ ነገሩ ግን አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ውሸት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ።

ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። አቶ ሀብተሥላሴና ሁለት የኮሚቴው አባላት ስለ ፍሬኑ ቃል ሊሰጡ መጥተው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ሰላም ብያቸዋለሁ፤ አንዱ ብቻ ነው የመለሰልኝ። ይህ ቃል ሲነበብልኝ በሩ ይከፈትልኝ። ነገ ከሰው አፍ ተጣሞ ከሚደርሳቸው፣ ዛሬ እኔ እዚህ ተቀምጬ ይስሙት።

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ቃሉ በምስክሯ ጥያቄ መሠረት በሩ ተከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቧል። ንባቡ እንዳለቀ አቶ ሀብተሥላሴ ወልዴ ከአግዳሚው ተነሥተው ወደ ክፍሉ ገቡ። እንዲቀመጡ ቢጠየቁ ቆመው እንደሚናገሩ ገለጹ። «ፍሬኑ ደህና ነበር። ድንኳኑን እዚያ ያስጫንኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ነግሮኛል፣ አልሰማሁትም። ግዛቸውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እሷን ከእድር የሚያወጣ ካለ ከኔ ይጀምር። ሴትዮዋ ምላሷ ረጅም ነው፤ የተናገረችው ግን እውነት ነው» ብለዋል። የራሳቸው ቃል በተለየ ወረቀት ወዲያው እንዲያዝ ተደርጓል። አብረዋቸው የመጡት ሁለት ሰዎች ቃል ሳይሰጡ ሄደዋል። «ምላሷ ረጅም ነው» የሚለው ይሰረዝላት እንደሆነ ምስክሯ ተጠይቃ፣ እንዳለ እንዲቆይ ፈቅዳለች።

የምስክሯ ፊርማ፦ በዛወርቅ ተሰማ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ኃይለሚካኤል ወንድሙ
በንባቡ ላይ የተገኙ እማኝ ፊርማ፦ ሀብተሥላሴ ወልዴ